ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር
ስለ መጤ ዓሦች በተጻፉ ጥናቶችና በተሠራ አንድ ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ

መነሻ

በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። በሰዋስው ትምህርት የዐረፍተ ነገሩን ድርጊት ፈጻሚ ያመለክታል፤ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ደግሞ የንብረትን ጌታ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ትርጉሞች የሚገናኙበትን አንድ ጉዳይ መመርመር ነው። ጉዳዩ ሰዎች ከአንድ ውሃ አንሥተው ወደ ሌላ ውሃ ስለ ጨመሯቸው ዓሦች የተጻፈውና የተቀረጸው ሥራ ሲሆን፣ ጥያቄው ደግሞ «ማን አደረገው? ማን አየው? ማንስ ተናገረው?» የሚል ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰኝ የራሴ ስሕተት በመሆኑ በግለ ሂስ መጀመር ይገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሐዋሳ ለተፈጥሮ ሳይንስ ዕጩ መምህራን ባዘጋጀሁት የማስተማሪያ ጽሑፍ ውስጥ «ናይል ፐርች ወደ ሐይቆች የገባና ሀገር በቀል ዓሦችን ያጠፋ መጤ ዓሣ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አስፍሬ ነበር። ለማጠናከሪያም ሁበርት ዛውፐር የተባለው ኦስትሪያዊ የፊልም አዘጋጅ በ2004 ያቀረበው «የዳርዊን ቅዠት» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ለሠልጣኞቹ እንዲታይ አደረግሁ። ፊልሙ አልቆ ውይይት ሲጀመር ከአርባ ምንጭ አካባቢ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ይህ ዓሣ እኮ የጫሞ ነው። አባቴ ሲያጠምደው እያየሁ ነው ያደግሁት። መጤ ያደረገው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ለመሳቅ አልቻልሁም፤ ልጁ እውነቱን ነበር የተናገረው።

ናይል ፐርች በጫሞና በአባያ፣ በቱርካናና በባሮ ጥንታዊ ነዋሪ ነው። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚገኘውም እነዚህ ውሆች በጥንት ዘመን ከናይል ተፋሰስ ጋር በነበራቸው ግንኙነት እንደሆነ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። መጤ የሆነው በቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ስለዚህ «መጤ» የዓሣው ጠባይ ሳይሆን ዓሣው፣ ውሃውና ያጓጓዘው ሰው የሚገናኙበት ሁኔታ ስም ነው። እኔ ግን ሰውየውን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቼ ጥፋቱን በዓሣው ላይ ብቻ አኖርሁ። «ዓሣው ገባ» ስል ዓሣው በእግሩ የመጣ እንግዳ መሰለ። «አስገባ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ሰዋስው ራሱ ባለቤት ፈልግ ብሎ ያስገድደኝ ነበር።

የቪክቶሪያ ሐይቅ፤ አስገቢው ማን ነበር?

የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ በብዙ የትምህርት ጽሑፎች ውስጥ በአንድ መስመር ይጠቃለላል፤ «በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ናይል ፐርች ወደ ሐይቁ ገባ፤ በ1980ዎቹም በመቶዎች የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሦች ዝርያዎች ተመናመኑ።» መስመሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በውስጡ ሰው የለበትም።

ሰዎቹ ግን ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ የቅኝ ግዛት አስተዳደር ዘመን የዓሣ ምርት ሐሳቡን የሚገፉት ባለ ሥልጣኖችና የሐይቁን ሕይወት የሚያጠኑት ተመራማሪዎች በአንድ ቃል አልተስማሙም ነበር። ጄፍሪ ፍራየር የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ናይል ፐርችን ወደ ቪክቶሪያ የማስገባቱን ሐሳብ ተቃውሞ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሮበርት ፕሪንግል የተባለው ተመራማሪ «ባዮሳይንስ» በተባለው መጽሔት በ2005 ባወጣው ጥናት የዓሣውን አመጣጥ ከሰነድና ከሰዎች ቃል አጣርቶ፣ የመጀመሪያው ድርጊት በ1954 በዩጋንዳ የአደንና የዓሣ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰዎች በጸጥታ የተፈጸመ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ፍራየር «አይግባ» ብሎ ሲከራከር ዓሣው ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

የፕሪንግል ጥናት ስለ ዓሣው ጠባይ አዲስ ነገር ላይጨምር ይችላል። ዋጋው ለዐረፍተ ነገሩ ባለቤቱን መመለሱ ነው። «ገባ» የተባለው ነገር ትእዛዝ፣ ባልዲ፣ መኪናና የሰው እጅ የነበረበት ድርጊት መሆኑን ስናውቅ ለተማሪ የምናስተምረው ነገር ይለወጣል። ከዚያ በፊት የምናስተምረው አደጋን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የምናስተምረው ውሳኔን ነው። አደጋ ይታዘንለታል እንጂ አይመረመርም። ውሳኔ ግን ማን፣ በምን መረጃ፣ ማንን አማክሮ ወሰነ ተብሎ ይጠየቃል።

በሌላ በኩል ባለቤት ማግኘት ማለት አንድ ጥፋተኛ ይዞ ማረፍ ማለት አይደለም። ኦሌ ዜሃውዘንና ባልደረቦቹ በ1997 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የቪክቶሪያ ውሃ በመደፍረሱ ዓሦቹ በቀለም ተለያይተው ተጓዳኛቸውን የሚመርጡበት መንገድ እንደተሰናከለና በዚህም የዝርያዎቹ ብዛት እንደቀነሰ አመልክተዋል። ውሃውን ያደፈረሰው ደግሞ ከየብስ የሚታጠብ አፈርና ፍሳሽ ጭምር ነው። ስለዚህ የቪክቶሪያ ታሪክ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። ብዙ መሆናቸውም «ማንም የለም» ከማለት ፈጽሞ የተለየ ነው።

ፊልሙና የተሰወረው ተራኪ

«የዳርዊን ቅዠት» በታንዛኒያዋ የምዋንዛ ከተማ የተቀረጸ ፊልም ነው። ትልልቅ ኢሊዩሺን አውሮፕላኖች ይወርዳሉ፤ የተሰነጠቀ የዓሣ ሥጋ ጭነው ወደ አውሮፓ ይመለሳሉ። ለሀገሬው ሰው የሚተርፈው ራስና አጥንቱ ሲሆን፣ ይህንኑ ሴቶች በፀሐይ ሲያደርቁት ይታያል። የጎዳና ልጆች፣ አብራሪዎች፣ የምሽት ሴቶች፣ በዓሣ ምርምር ተቋም በር ላይ ቀስት ይዞ የሚያድር ዘበኛ በየተራ ይናገራሉ። አውሮፕላኖቹ ሲመጡ ምን ይዘው ይመጣሉ የሚለው ጥያቄም እየተደጋገመ ቆይቶ በመጨረሻ ወደ ጦር መሣሪያ ያመራል።

የፊልሙን ኃይል መካድ ፍትሕ አይሆንም። በ2006 ለአሜሪካው የኦስካር ሽልማት በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ታጭቷል። የድሆችን ፊት በቅርብ ለማየት ይደፍራል፤ የሚያናግራቸውንም ሰዎች አያጣድፍም። የዓለም ንግድ በአንድ ሐይቅ ዳር እንዴት እንደሚያርፍ ከብዙ የምጣኔ ሀብት መጻሕፍት ይልቅ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ከትምህርት አኳያ ሲታይ ከባድ ጉድለት አለበት። ፊልሙ የሚሰማ ተራኪ የለውም። አልፎ አልፎ ከሚታዩ አጫጭር ጽሑፎች በቀር «እኔ ይህን አየሁ፤ ይህን አላየሁም» የሚል ድምፅ አይሰማበትም። ተመልካቹ ሐይቁ ራሱ የሚናገር ይመስለዋል። ሐይቅ ግን አይናገርም። አውሮፕላኑን ከተራበው ልጅ ቀጥሎ፣ ልጁንም ከበሰበሰው ዓሣ ቀጥሎ ያስቀመጠ ሰው አለ፤ እሱም በቅንብር ክፍሉ የተቀመጠው አዘጋጅ ነው። በጽሑፍ «ገባ» የሚለው ግሥ ባለቤቱን እንደሚሰውር ሁሉ፣ በፊልም ተራኪ የሌለው ቅንብር ባለቤቱን ይሰውራል። የሚያሳዝነው፣ እኔ ሠልጣኞቼን በጽሑፌ ያሳሳትሁበትን ያንኑ ስሕተት ፊልሙ በሥዕል መድገሙ ነው።

ዛውፐር ራሱ ተመሳሳይ ፊልም በሴራሊዮን ዓሣውን በአልማዝ፣ በሆንዱራስ በሙዝ ለውጦ ሊሠራ ይችል እንደነበር ገልጿል። ይህ አነጋገር ቅን ነው፤ የፊልሙንም ቁልፍ ይሰጠናል። ዓሣው የጥናት ርእስ ሳይሆን ምሳሌ ነው ማለት ነው። ምሳሌ ለኪነ ጥበብ ይበቃል። ለሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ሠልጣኙ ምሳሌውን እንደ መረጃ ይዞ ይወጣል። ሐይቁን ከሦስት ሀገሮች ጋር የሚያዋስነው ሰፊ ግዛት በአንድ ከተማ ተወክሎ ቀርቷል። በዓሣው ንግድ ኑሮውን ያሻሻለ ሰው መኖሩም ከማዕቀፉ ውጭ ነው።

በፊልሙ ላይ ክርክር መነሣቱ ስለዚህ አያስደንቅም። ፍራንሷ ጋርሶን የተባለው ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር የፊልሙን እውነተኛነት በጽሑፍ ተጠራጠረ፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጃካያ ኪክዌቴም በ2006 ፊልሙን በይፋ ነቀፉ። አዘጋጁ ምሁሩን በስም ማጥፋት ከስሶ በ2008 የፓሪስ ፍርድ ቤት ለአዘጋጁ ፈረደለት። መምህራን ይህን ፍርድ ሲያነሡ ግን ሊጠነቀቁ ይገባል። ፍርዱ የሰውየው ስም ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። አውሮፕላኑ ምን ይዞ ይመጣ እንደነበር ወይም ዓሣው ሐይቁን ምን እንዳደረገ አይመሰክርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ዳኛ ሳይሆን ናሙና፣ ሰነድና ምስክር ነው።

በፊልም ታሪክ አዘጋጁን የሥራው ብቸኛ ደራሲ አድርጎ የማየት አስተሳሰብ በፈረንሳይ ጎልቶ የወጣው ፍራንሷ ትሩፎ በ1954 በአንድ የሲኒማ መጽሔት ካሳተመው ጽሑፍ በኋላ ነው። ይህ አስተሳሰብ ሲኒማን ከንግድ ዕቃነት ወደ ጥበብነት ከፍ አድርጓል። ይሁንና አዘጋጁን ከፍ ሲያደርግ ፊታቸውንና ቃላቸውን ያዋሱትን ሰዎች ዝቅ አድርጓል። ዘበኛው፣ ዓሣ አድራቂዋ፣ የጎዳናው ልጅ የፊልሙ ሥጋ ናቸው። ሽልማቱ ላይ የሚጠራው ግን አንድ ስም ነው።

የወሎው ሐይቅ፤ የጥናት ሐቀኝነትና ገደቡ

ከፊልሙ ጎን ለማነጻጸር የሚበጀን የራሳችን ሀገር ምሳሌ አለ። በወሎ ከደሴ በስተ ሰሜን፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ገዳም የሚታወቀው ሐይቅ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቲላፒያ ለምግብ ምንጭነት ተጨመረ። ይህ ዓሣ በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ጥንታዊ ነዋሪ ነው፤ በጣና ቆሮሶ ይባላል። በዚያ ሐይቅ ግን እንግዳ ነበር። ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ጌታቸው ተፈራ፣ ቴይለርና ዝናቡ ገብረ ማርያም በ1992 ባሳተሙት ጥናት ቀድሞ የጠራ የነበረው ውሃ በአልጌ መበልጸጉን ገለጹ። ለውጡንም ከዓሣው መጨመር ጋር አገናኙት። አሠራሩ እንዲህ ነው። አልጌን እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩ ደቃቅ ነፍሳት በውሃው ውስጥ ይኖራሉ፤ ዓሣው እነዚህን ሲበላ አልጌው ጠባቂ ያጣል፤ ውሃውም ይደፈርሳል።

የዚህን ጥናት ሐቀኝነት ከፊልሙ ጋር እናስተያይ። ጥናቱ አራት ስሞችን በግንባሩ ይዟል። ውሃው መቼ፣ ከየት፣ በምን መሣሪያ እንደተቀዳ ይናገራል። ባክስተርና ጎሎቢች በ1970 ካሳተሙት የቀድሞ ጥናት ጋር ያነጻጽራል። በዚህም ምክንያት ሌላ ሰው ሄዶ ሊያጣራው ይችላል፤ ተሄዷልም። ታደሰ ፈታሂ፣ ሥዩም መንግሥቱና ሻገርል በዚሁ ሐይቅ ዳግመኛ ናሙና ወስደው የደቃቅ ነፍሳቱን ሁኔታ እንደገና መርምረው በ2011 አሳትመዋል። ፊልም እንዲህ ያለ ተከታይ የለውም። ሁለተኛ ሰው ምዋንዛ ሄዶ ሌላ ፊልም ሊሠራ ይችላል እንጂ የመጀመሪያውን ፊልም ሊያጣራ አይችልም፤ እንዴት እንደተሠራ አልተጻፈምና።

ሆኖም ጥናት በጠቅላላው ከሂስ ነፃ አይደለም። የሳይንስ ጽሑፍ ልማድ ተደራጊ ግሥን ይወዳል፤ «ተጨመረ»፣ «ተለካ»፣ «ተሰበሰበ» ይላል። ልማዱ የተመራማሪውን ስሜት ለማራቅ የታሰበ ቢሆንም ከስሜቱ ጋር ሰውን ያርቃል። ጀልባውን የቀዘፈው፣ መረቡን ሌሊት የጣለው፣ «ዓሣው በዚህ ወር ወደ ዳር ይወጣል» ብሎ ለተመራማሪው የነገረው አጥማጅ አብዛኛውን ጊዜ በምስጋና ገጽ በጅምላ ይጠቀሳል፤ ወይም ከነጭራሹ አይጠቀስም። በሐዋሳ አሞራ ገደል ማለዳ የወረደ ሰው ይህን ዕውቀት በጆሮው ይሰማዋል። መረብ የሚያራግፈው ጎልማሳ የትኛው ዓሣ ከየትኛው ሣር ሥር እንደሚራባ፣ የቲላፒያው መጠን ከልጅነቱ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይናገራል። ይህ ዕውቀት ጥናት ውስጥ ሲገባ «ተስተውሏል» ይባላል። ማን አስተዋለ?

የስም ጉዳይ

ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በዓሦቹ ሳይንሳዊ ስም ላይ ተጽፎ ይገኛል። በእንስሳት አሰያየም ሕግ መሠረት ከዝርያው ስም ቀጥሎ መጀመሪያ የገለጸው ሰው ስምና ዓመቱ ይጻፋል። ቲላፒያም ናይል ፐርችም ከስማቸው ቀጥሎ «ሊኒየስ፣ 1758» የሚል ይከተላቸዋል። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ግን ናይልን አይቶ አያውቅም። ወደ ግብፅ የሄደው ተማሪው ፍሬድሪክ ሃሰልኲስት ነበር። እሱም በ1752 በሰምርኔስ አካባቢ በወጣትነቱ ሞተ፤ የጉዞ ማስታወሻውንም መምህሩ በ1757 አሳተመለት። ለሃሰልኲስት ዓሣውን ያወጣለት የናይል ዳር አጥማጅ ደግሞ በየትኛውም ገጽ የለም። አምባዛም ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከሐይቆቻችን አይደለም፤ በርቸል የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1822 በደቡብ አፍሪካው የጋሪፕ ወንዝ ስም ጠራው። ዓሣችን የሩቅ ወንዝ ስም ተሸክሞ በሐዋሳ ገበያ ይሸጣል።

ይህን የምጠቅሰው ሊኒየስን ወይም በርቸልን ለመውቀስ አይደለም። ስሙ ዓለም የሚግባባበት መሣሪያ ነው። ነገር ግን ሠልጣኙ ስሙን ሲሸመድድ «በዚህ ስም ውስጥ ማን አለ? ማንስ የለም?» ብሎ መጠየቅን አብሮ መማር አለበት። የሀገራችንም ሊቃውንት ሥራ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ቦታውን ያገኛል። ሽብሩ ተድላ በ1973 የኢትዮጵያን የጣፋጭ ውሃ ዓሦች በመጽሐፍ መልክ ሲዘረዝሩ፣ አበበ ጌታሁንና ስቲያስኒ በ1998 በሀገራችን ዓሦች ላይ ስላንዣበበው አደጋ ሲጽፉ፣ ዕውቀቱ ከውጭ ብቻ የሚመጣበት ዘመን ማለፉን አሳይተዋል።

የስምና የባለቤትነት ጥያቄ በሲኒማችንም ተነሥቷል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። መነሻው ተጠልፋ ጠላፊዋን ስለ ገደለች አንዲት ታዳጊ የተካሄደ እውነተኛ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ለእይታ የበቃው ከዚያ በኋላ ነው። የክርክሩ ማእከል ታሪኩ የማን ነው የሚለው ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው በስሙ የመታወቅ መብት ይሰጣል። ሆኖም ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ እንጂ ሐሳቡን ወይም ግኝቱን ለብቻው አይደለም። ስለዚህ ታሪኩን በሕይወቷ የከፈለችበት ሴትም፣ የዓሣውን ጠባይ በዕድሜው የተማረው አጥማጅም ከሕጉ ዳር ቆመው ይቀራሉ። ሕግ ያልደረሰበትን ቦታ መሸፈን የሥነ ምግባርና የትምህርት ድርሻ ነው።

ለመምህራን ሥልጠና ምን ይበጃል?

ከላይ የተደረገው ንጽጽር አንድ ጠቃሚ ነገር ያሳያል። ፊልምና ጥናት አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዞታል። ፊልም በመጨረሻው ላይ ሾፌሩን፣ መብራት ያዡንና አስተርጓሚውን ሳይቀር በስም ይዘረዝራል፤ ነገር ግን ያየውን እንዴት እንዳየው አይናገርም። ጥናት እንዴት እንዳየው በዝርዝር ይናገራል፤ ነገር ግን ቀዛፊውንና አጥማጁን አይዘረዝርም። ከፊልም የስም ዝርዝሩን፣ ከጥናትም የአሠራር መግለጫውን ወስዶ በአንድነት ማስተማር ይቻላል። ከዚህ በመነሣት በምሠራበት ኮሌጅ የማስተማሪያ ጽሑፌን ሳሻሽል የሚከተሉትን አካትቻለሁ፤ ለሌሎች የማሠልጠኛ ተቋማትም አቀርባለሁ።

1ኛ. የግሥ ልምምድ። ሠልጣኞች ስለ ሐይቆች ከተጻፉ የመማሪያ ገጾች ላይ ተደራጊ ግሥ ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ያወጣሉ፤ ለእያንዳንዱም አድራጊውን ፈልገው መልሰው ይጽፋሉ። ለምሳሌ በባሌ ተራሮች ወንዞች የሚገኘው ትራውት ከኬንያ የመጣ ነው፤ በዝዋይም የካርፕ ዘሮች ዛሬ ከቲላፒያው ጎን ይጠመዳሉ። «መጣ» በሚለው ፋንታ «አመጡ» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ሠልጣኙን ወደ ሰነድና ወደ አዛውንት ይመራዋል። የአማርኛና የሥነ ሕይወት መምህራን ይህን ክፍለ ጊዜ በጋራ ቢያስተምሩት ይመረጣል።

2ኛ. የፊልም ንባብ። ፊልም ከመታየቱ በፊት አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ የት እንደቀረጸ፣ ለማን እንዳዘጋጀው ይነገራል። ከታየ በኋላም ሠልጣኞች ሁለት ተከታታይ ትዕይንቶችን መርጠው «እነዚህ ለምን ጎን ለጎን ተቀመጡ?» ብለው ይወያያሉ። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ፊት የመመርመር ልማድ ለዚህ የተመቸ ነው።

3ኛ. የድርሻ ዝርዝር። ሠልጣኞች በቡድን በሚያቀርቡት እያንዳንዱ የጥናት ጽሑፍ መጨረሻ ማን ምን እንደሠራ ይዘርዝሩ፤ ሐሳቡን ያፈለቀው፣ መረጃውን የሰበሰበው፣ ያሰላው፣ የጻፈው፣ መንገድ ያሳየውና የተናገረው በየስማቸው ይቀመጡ። በዓለም አቀፍ መጽሔቶችም ከ2014 ወዲህ አሥራ አራት የሥራ ድርሻዎችን ለይቶ የመመዝገብ ዘዴ ተስፋፍቷል። በእኛ ዘንድ ግን የአማካሪው ስም ብቻ ከፊት የሚገባበት፣ ሌሊቱን መረብ ያስጎተተው ሠልጣኝ ከኋላ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚቀኝ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከዚህ ያነሰ ኅሊና ሊኖረው አይገባም።

4ኛ. የፈቃድ ጥያቄ። ሠልጣኙ አጥማጅን ወይም ገበሬን ቃለ መጠይቅ ሲያደርግ ስሙ እንዲጠቀስ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀው። መጠቀስ መብት እንደሆነ ሁሉ አለመጠቀስም መብት ነው። የተገኘው ውጤትም ተመልሶ ሊነበብለት ይገባል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የክፍለ ጊዜ ጥበት እውነት ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼም የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር ስለ ዓሣው እንጂ ስለ ጸሐፊው ምን አገባው ይላሉ። መልሴ አጭር ነው። ከኮሌጃችን የሚወጣው መምህር ነገ በጫሞ፣ በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ይመደባል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የአጥማጅ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ዓሣ ወደ ሐይቁ ልጨምር ብሎ ቢመጣ ሐሳቡን የሚያዳምጡት፣ የሚደግፉት ወይም የሚቃወሙት እነዚያ ልጆች ናቸው። የተማሩት «ዓሣ ይገባል» የሚለውን ከሆነ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ያያሉ። የተማሩት «ሰው ዓሣ ያስገባል» የሚለውን ከሆነ ግን «ማን? ለምን? ማንን አማክሮ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለው ዝግ ውሃ ነው። የተጨመረበት ነገር በቀላሉ አይወጣለትም።

ማጠቃለያ

ዓሣን የማዛወር ሥራ ሁሉ ጥፋት ነው የሚል አቋም የለኝም። በወሎው ሐይቅ ቲላፒያው ለአካባቢው ሰው ምግብና ገቢ ሆኗል፤ ውሃውም ተለውጧል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የሚያስፈልገው ሁለቱን እውነቶች ባንድ ገጽ የሚይዝ፣ ያደረገውን፣ ያየውንና የተናገረውን ሰው የማይደብቅ ጽሑፍ ነው። «የዳርዊን ቅዠት»ም ከክፍላችን ሊወገድ አይገባም። አዘጋጁ ማን እንደሆነ ተነግሮ፣ ከፕሪንግል ጥናትና ከአጥማጁ ቃል ጎን ሲቀርብ ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ይሆናል። ብቻውን ሲቀርብ ግን እኔን እንዳሳሳተኝ ሌላውንም ያሳስታል።

የተሻሻለው ጽሑፌ በናይል ፐርች ላይ አሁን እንዲህ ይላል፤ «ናይል ፐርች በጫሞና በአባያ ሀገር በቀል ዓሣ ነው። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያስገቡት በ1954 የዩጋንዳ የአደንና የዓሣ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው።» ከግርጌውም ስሕተቱን ያረመው ሠልጣኝ፣ ጠይቄው ፈቅዶ፣ በስሙ ተመስግኗል። ዐረፍተ ነገሩ ከቀድሞው ይረዝማል፤ ባለቤት ግን አለው።